የሾላ ቤቶች ጾም

የሟቿ የእማዋይሽ ቤት በሩን ማጥበብ የጀመረው የሐዘኑ ድንኳን በተነሣ ማግስት ነው። ልጇ ባዘዘው ጠዋት ወደ ደጅ ሊወጣ ሲል ሁለት ትከሻዎቹ መቃኑን ነኩት። ቆም አለ። ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ሞከረ፤ አሁንም ነኩት። ሰው በሐዘን ይከሳል እንጂ አይሰፋም። እጁን መቃኑ ላይ አሳረፈ። ልጡ ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ግንባር ይሞቃል።

«እናቴ፣ ቤትሽ አሞታል» አለ በሆዱ። ጮክ ብሎ መናገር አይሆንለትም፤ ብቻውን ሲሆንም ቢሆን።

በሾላ በር ከተማ ቤት አይሠራም፤ ይተከላል። ሲሚንቶ ከቀረ ወዲህ የተወለደ ሰው ቤት ሲባል የሚያውቀው በክብ የተተከሉ የሾላ ችግኞች ግንድ ለግንድ ተያይዘው ግድግዳ፣ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ተቆላልፈው ጣራ ሲሆኑ ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ከከተማው ማማ ላይ ጡሩምባ ይነፋል፤ ሰው ሁሉ ማንቂያ የሚባለውን የተቀመመ ውሃ በጆግ ይዞ የቤቱን ሥር ያጠጣል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጡሩምባው ይደገማል፤ ያኔ ማስተኛው ይጠጣል። ማንቂያው ቤቱን «እደግ» ይለዋል፤ ማስተኛው «በቃህ» ይለዋል። ልጆች ከስማቸው ቀጥሎ የሚማሩት ይህን ነው። ዕቃ ከግድግዳ አይጠጋም። ቁም ሣጥናቸውን ግድግዳ አስደግፈው ዘመድ ጥየቃ የሄዱ ባልና ሚስት ሲመለሱ ቤቱ ሣጥኑን ከነልብሱ ውጦት አገኙት ይባላል፤ ሴትዮዋ እስከ ዛሬ የሠርግ ቀሚሷ ያለበትን ግንድ ዳበስ ሳታደርግ አታልፍም። ሽማግሌዎች ሲመርቁም ከሁሉ አስቀድመው «በርህ አይጥበብ» ይላሉ።

እማዋይሽ ይህን ቤት የተከለችው ባዘዘውን አዝላ ነው። ልጁና ቤቱ አብረው አደጉ። ባዘዘው አፉን ሳይፈታ በመቆየቱ ጎረቤቶች «እስቲ ቀድሞ የሚናገረው የትኛው ይሆን፣ ልጁ ወይስ ግድግዳው?» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ኋላ አፉን ቢፈታም የሚያወጣት ቃል እንደ ጨው በቁንጥር ነበረች። ከሰው ጋር የምትነጋገርለት እናቱ ነበረች፤ እሷ ስታወራ እሱ ከኋላዋ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። አሁን የሚነቀንቅለት ሰው የለም።

ቤቱ ለምን ታመመ ቢባል፣ ነገሩ የክፋት አይደለም። በሾላ በር ሐዘንተኛ ውሃ አይነካም። ፊቱን እንኳ የሚያስታጥበው ጎረቤት ነው። ለሐዘንተኛ ያደረጉትን ነገር ማውራት ደግሞ ነውር ነው፤ ሰው አድርጎ ዝም ይላል። እማዋይሽ ባረፈች ማግስት ጡሩምባው ሲነፋ፣ ባዘዘው ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ከግራ በኩል ያሉት እማማ ዘሃራ የራሳቸውን ቤት አጠጥተው ሲያበቁ «የዚህ ልጅ ቤት ሳይጠጣ ሊውል ነው» አሉና ጆጋቸውን ሞልተው ከጓሮ ዞሩ። ከቀኝ በኩል ያሉት ጡረተኛው ሹፌር ጋሼ ኩምሳ ጥቂት ቆይተው «እኔ ካላስታወስኩት ማን ያስታውሰዋል?» ብለው በፊት ለፊት መጡ። ልጇ ልትወልድ ቀኗ የገባው እትዬ አልጣሽ ደግሞ ወዲያ ወዲህ ስትል ቆይታ ረፋድ ላይ ትዝ አላትና እየሮጠች አጠጣች። ማታ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ለቀስተኛ ሲያስተናግድ፣ ማስተኛውን እያንዳንዱ ሌላው ያጠጣዋል ብሎ ተወው። ድንኳኑ እስኪነሣ ድረስ እንዲህ ሆነ። ቤቱ ሲነቃ ሰነበተ እንጂ አልተኛም።

የሰፈሩ ለኪ ረድኤት የምትባል ወጣት ናት። ለኪ ማለት ከከተማው የቤቶች ጤና ጽሕፈት ቤት ተልኮ በሩን፣ መስኮቱንና ግድግዳውን እየለካ የሚዞር ባለሙያ ነው። ገመዷን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ መጣችና ገና ከሩቅ በሩን አይታ ፊቷ ተለወጠ።

«ነፍስ ይማር፣ ባዘዘው። ወንዝ ማዶ ነበርኩ፣ ቀብር ሳልደርስ ቀረሁ።»

«ያኑርሽ።»

ከመቃኑ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ልጥ ፋቀችና በማጉያ መነጽሯ አየችው። ከዚያ ማጉያውን ለባዘዘው ሰጠችው። ያየው ነገር እንደ ጤፍ የደቀቀ፣ እንደ ገበያ ቀን የተጨናነቀ ነበር።

«እያንዳንዷ ሴል ባቄላ ማከል ነበረባት» አለች። «ሴል መጀመሪያ ይወፍራል፤ ሲጠግብ ለሁለት ይከፈላል። 'በቅተሃል፣ ተከፈል' የሚለው አንድ ፕሮቲን አለ። ማንቂያው ውሃ ያን ፕሮቲን ነው የሚጠራው። በሰዓቱ ከመጣ ደግ ነው። እዚህ ቤት ግን ደጋግሞ ተጠርቷል። ሴሎቹ ሳይጠግቡ ተከፈሉ፤ የተከፈሉትም ሳይጠግቡ ተከፈሉ። ያለ ዕድሜያቸው እንደ መዳር በለው። ብዛት አለ፣ አቅም የለም። በሩ ይዘጋል፣ ቀጥሎ ግድግዳው በራሱ ክብደት ይሰነጠቃል።»

ባዘዘው ማጉያውን መለሰላት።

«ማነው ያጠጣው?» አለች።

ይህ ጥያቄ በሾላ በር ቀላል ጥያቄ አይደለም። ያለ ሰዓቱ ያጠጣ ሰው ስሙ ከማማው ላይ በድምፅ ማጉያ ይጠራል።

«እኔ» አለ ባዘዘው።

ረድኤት አየችው። «ሐዘንተኛ ውሃ ሲቀዳ ዛሬ ገና ሰማሁ።»

ባዘዘው ዓይኑን ከመቃኑ አላነሣም።

«እሺ፣ አንተ ነህ» አለችና ገመዷን መጠቅለል ጀመረች። «ስማኝ። ተመልሼ ስመጣ በሩ መጥበቡን ካላቆመ ከእኔ ኋላ መጋዝ ነው የሚመጣው። የኔ ፈቃድ አይጠየቅም።»

«መድኃኒት የለውም?»

«ማስተኛው አሁን አይበቃውም፤ ጾም ነው መድኃኒቱ። ማንቂያም ማስተኛም የለም፤ የዝናብ ውሃ አይቆጠርም፣ ፕሮቲኑን አይጠራም። ጠሪ ሲያጣ ፕሮቲኑ ይመናመናል፤ ሴሎቹ መለስ ብለው መወፈር ይጀምራሉ። ችግሩ ቤትህ ብቻውን መጾም አይችልም። የዚህ መስመር አራት ቤቶች ሥራቸው ተያይዟል። ሾላ ጎረቤቱ ሲራብ ዝም ብሎ አያይም፤ የጠጣውን ከሥር ያካፍለዋል። ስለዚህ መስመሩ በሙሉ ካልጾመ ጾም የለም። ሁሉም መስማማት አለባቸው። ጠያቂው ደግሞ ባለቤቱ ነው፤ እኔ አይፈቀድልኝም።»

ባዘዘው ወደ ጎረቤቶቹ ቤቶች አየ። መጋዙ አስፈራው። ሰው በር ላይ ቆሞ መለመኑ ግን ከመጋዙ ይልቅ አስፈራው።

እማማ ዘሃራ ደጃፋቸው ላይ ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። ባዘዘው ፊታቸው ቆመ። ከቤቱ ጀምሮ ሲያጠናው የመጣው ቃል ጠፋበት።

«ቁጭ በላ! ምን እንደ ምሰሶ ትገተርብኛለህ?»

ተቀመጠና ጎመን መቀንጠስ ጀመረ። ሲቀነጥስ፣ ሲቀነጥስ ቆየ።

«እማማ፣ ቤቱ አሞታል። ካልጾመ ይቆረጣል። ብቻውን ደግሞ መጾም አይችልም። የእርስዎም ... የሁላችሁም ...»

«ሁላችንም እንጹምልህ ነው?»

«ቤቶቹ።»

«ወይ ጉድ! ረመዳን ለግድግዳም ታዘዘ በለኛ!» እማማ ዘሃራ ሣቁ። ከዚያ ሣቃቸው ቀስ እያለ ሞተና ጣራቸውን ቀና ብለው አዩ። ሐምሌ ነበር፤ ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ቤት ሲጾም መጀመሪያ የሚያራግፈው ቅጠሉን ነው። ቅጠል የሌለው ጣራ ወንፊት ነው።

«ጉልበቴ ብርድ አይወድም» አሉ።

ባዘዘው የያዘውን ጎመን አስቀምጦ ተነሣ። እጅጌውን ያዙት።

«የት ትሄዳለህ? አይወድም አልኩህ እንጂ እምቢ አልኩህ? ይህን ጉልበት ስታሽልኝ የኖረችው እናትህ አይደለችም እንዴ? በል፣ ኩምሳ ጋ ሂድ። ወላሂ እሱ እምቢ ካለ በዚህ ጎመን ነው የምገርፈው።»

ጋሼ ኩምሳ ሚኒባሳቸውን እየወለወሉ ነበር። ሚኒባሱ ከተንቀሳቀሰ ዘመን የለውም፤ ነዳጅ የሚባል ነገር በሾላ በር የለም። እሳቸው ግን በየቀኑ ይወለውሉታል። በመስመሩ ላይ የማይጠጣና የማያድግ ጣራ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ባዘዘው «ጋሼ ...» ብሎ ቆመ።

«እህ?»

«ቤቱ ...»

«አቤት ይሄ ልጅ! ሞተሩ ተነሥቷል እኮ፣ ማርሽ አስገባ እንጂ!»

ማርሽ አስገባ። ነገሩን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረና ላብ በላብ ሆነ። ጋሼ ኩምሳ ጨርቃቸውን ጨመቁ።

«ጨረስክ? ይህን ያህል ስታወራ የሰማሁህ ዛሬ ነው። ለዚህማ አንድ ክረምት ብበሰብስ ምን አለበት?»

እትዬ አልጣሽ ጋ ሲደርስ ግን ነገር ተበላሸ። ልጇ ትብለጥ የወለደችው ድንኳኑ የተነሣ ዕለት ነበር። ሕፃኑ ገና ጭንቅላቱ አልጠናም። እትዬ አልጣሽ በሩን በገላዋ ዘግታ አዳመጠችው።

«አራስ ላይ ጣራ ላፍስስ? ባዘዘው፣ ደህና ሰው ነህ ብዬ!»

«ልክ ነሽ፣ እትዬ። እንዳልጠየቅሁሽ ቁጠሪው።»

እውነትም ልክ ነበረች። ባዘዘው ዞሮ ሊሄድ ሲል እማማ ዘሃራና ጋሼ ኩምሳ ከኋላው ደርሰው ኖሮ መንገድ ዘጉበት።

«ምን ትለዋለች?» አሉ እማማ ዘሃራ።

«አራስ ይዤ!» አለች እትዬ አልጣሽ። «ለመሆኑ ቤቱን ምን ነካው? በደንብ ሲጠጣ አልነበር እንዴ? እኔ ራሴ ያን ሁሉ ሥራ ትቼ ረፋድ ረፋድ ላይ እየሮጥኩ ...» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። የሐዘንተኛ ነገር አፏ ላይ መጣባት።

«ረፋድ ላይ ምን?» አሉ እማማ ዘሃራ።

«ምንም።»

«አጠጣሽው?»

«ታዲያ ሳይጠጣ ይዋል?»

እማማ ዘሃራ እጃቸው ራሳቸው ላይ ወጣ። «ያ ረቢ! እኔስ ጠዋት ጠዋት ከጓሮ?»

ጋሼ ኩምሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔ በፊት ለፊት ነበር» አሉ። «ማታውንስ ማን አጠጣ?»

ሦስቱም ተያዩ። ማታውን ማንም አላጠጣም።

«ቤቱን የገደልነው እኛ ነን» አለች እትዬ አልጣሽ። ወደ ባዘዘው ዞረች። «አንተ ታውቅ ነበር? አውቀህ ነው ዝም ያልከው?»

ባዘዘው የእግሩን ጣቶች አየ። ከዚያ ቀና አለ። እናቱ ብትኖር እሷ ትናገርለት ነበር።

«ለኪዋ ስትነግረኝ ገባኝ» አለ። «እናንተ ባትኖሩ በጥም ነበር የሚሞተው። ሰው አጥቼ አይደለም ቤቴ የታመመው። ሰው በዝቶልኝ ነው። ቢቆረጥም ... ቢቆረጥም ይህን ሳልነግራችሁ አልሄድም።»

እማማ ዘሃራ በመሐረባቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከቤት ውስጥ የአራሷ የትብለጥ ድምፅ መጣ።

«እማዬ! ይጹም በያቸው! እኔ በጋሼ ኩምሳ ሚኒባስ ውስጥ እታረሳለሁ!»

«አንቺ እብድ! መኪና ውስጥ አራስ ታይቶ ያውቃል?»

«ቆርቆሮ ነው፣ አያፈስም!»

ጋሼ ኩምሳ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። «የኋላውን ወንበር አነሣላታለሁ» አሉ። «መስታወቱን በብርድ ልብስ እሸፍናለሁ። ከልጅ ልጅሽ ደግሞ ሒሳብ አልቀበልም።»

እትዬ አልጣሽ ጥቂት አንገራገረች። ከዚያ በሩን ከዘጋችበት ገላዋን አነሣች።

ጾሙ በማግስቱ ተጀመረ። ጡሩምባው ሲነፋ በሌሎች መስመሮች ውሃ ሲንቆረቆር ይሰማል፤ በዚህ መስመር ጸጥ አለ። የመስመሩ ሰዎች በልማድ ጆጋቸውን አንሥተው ይወጡና ባዶውን ይዘው ይቆማሉ። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። የጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ሳይገባ ቅጠሉ ረገፈ፤ ሰው ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ደመና ያይ ጀመር። ዝናቡም አልዘገየም። አልጋ በላስቲክ ተሸፈነ፣ ወጥ በጃንጥላ ሥር ተሠራ። ከሌላ መስመር ያለፉ ሰዎች ዕርቃናቸውን የቆሙትን ጣራዎች አይተው «ምን ኃጢአት ሠርታችሁ ነው?» ሲሉ እማማ ዘሃራ «ጽድቅ በዝቶብን!» ይሏቸዋል።

አራስ ጠያቂው የሚኒባስ ተሳፋሪ ሆነ። ጋሼ ኩምሳ በሩ ላይ ቆመው «ሞልቷል! ሞልቷል! የቀጣዩን ጠብቁ!» እያሉ ገንፎ የያዙ ሴቶችን ያሰልፋሉ። ትብለጥ ከውስጥ ሆና «መሪውን አትንኩብኝ፣ ልጄ እየነዳ ነው!» ትላለች።

ባዘዘው በዚያ ሰሞን አልተቀመጠም። ከየቤቱ የተጠራቀመውን ውሃ ይቀዳል፣ የእማማ ዘሃራን ላስቲክ ይወጥራል፣ የሕፃኑን ጨርቅ በሚኒባሱ ውስጥ ዘርግቶ ያደርቃል። ምስጋናውን በአፉ መጨረስ ስላልቻለ በባልዲ ተናገረው። የእማማ ዘሃራን ሳል በግድግዳው በኩል ሲሰማ ግን ልቡ ይሸበራል። አንድ ቀን ሄዶ «እማማ፣ ይብቃ። ይቆረጥ» አላቸው።

«ሂድ ወዲያ!» አሉት። «ጾም አጋማሽ ላይ የሚፈታ ሰው አልወድም።»

በሩ በመጀመሪያ መጥበቡን ቀጠለ። ባዘዘው በጎኑ መግባት ጀመረ፤ ኋላም ጋቢውን አውልቆ በጎኑ ሆነ። በየጠዋቱ መዳፉን መቃኑ ላይ ያሳርፋል፤ ይሞቃል። የእናቱ አልጋ ከውስጥ ነበር። በሩ ከተዘጋ አልጋውም ከውስጥ እንደሚቀር ያስብና ሐሳቡን አይጨርሰውም።

አንድ ማለዳ መዳፉን ሲያሳርፍ ልጡ ቀዘቀዘው። አላመነም። በጉንጩ ነካው። ቀዝቃዛ ነበር፣ እንደ ጤነኛ ዛፍ።

ረድኤት በተመለሰች ጊዜ መስመሩ በሙሉ ወጥቶ ጠበቃት። ትብለጥ እንኳ ሕፃኑን ታቅፋ በሚኒባሱ መስኮት ብቅ ብላለች። ለኪዋ ከመቃኑ ፋቀች፣ አየች። ቀጥሎ ገመዷን በሩ ላይ ወጠረች፣ ለቀቀች፣ ደግማ ወጠረች። ሁሉም እጇን እጇን ያያል።

«ባቄላ አልሆነም» አለች።

እትዬ አልጣሽ ዓይኗን ጨፈነች።

«ምስር ግን ሆኗል። ሴሎቹ መወፈር ጀምረዋል፤ ፕሮቲኑ ወደ ሰዓቱ ተመልሷል። በሩ ቆሟል።» ወደ ባዘዘው ዞረች። «የጠበበው አይሰፋም። ዕድሜህን በሙሉ በጎንህ ነው የምትገባው። ግን ቤትህ ነው፣ ማንም አይነካውም። ከነገ ጀምሮ ግማሽ ግማሽ ጆግ ታጠጣላችሁ።»

እልልታው ሚኒባሱን አልፎ እስከ ማማው ተሰማ። እማማ ዘሃራ ባዘዘውን አቅፈው «በል እንግዲህ፣ ቀጭን ሚስት ፈልግ!» አሉት። ባዘዘው ይሣቅ ያልቅስ አላወቀም፤ ሁለቱንም አደረገ።

በማግስቱ ጡሩምባው ሲነፋ ሁሉም ግማሽ ጆጉን ይዞ ወጣ። ወጣና ቆመ። ማፍሰስ የደፈረ የለም። እጃቸው ራሱ አልታመን አላቸው። ጎረቤት ጎረቤቱን ያያል።

«አልጣሽ!» ብለው ጮኹ እማማ ዘሃራ። «ቤትሽ ጠጣ?»

«አልጠጣም!»

«እንግዲያው አጠጪ! የኔም አልጠጣም! ኩምሳ! ያንተስ?»

«አሁን እያጠጣሁ ነው! ሌላ ሰው ዝር እንዳይል!»

ጥሪው ከቤት ቤት እየዘለለ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ መስመር ሰው «እንደምን አደርህ» ከማለቱ በፊት «ቤትህ ጠጣ?» ነው የሚለው፤ ለሐዘንተኛም ቢሆን፣ ነውሩ ቀርቶ፣ ጮክ ተብሎ ይጠየቃል። የመጀመሪያው ዕለት ግን ገና ልማድ አልሆነም ነበርና ጥሪው ባዘዘው ደጅ ሲደርስ ሁሉም ወደ በሩ ዞረ።

«ባዘዘው! ቤትህ ጠጣ?»

ባዘዘው ውስጥ ነበር። የሌሎቹን ጥሪ ሲሰማ አጠጥቶ፣ ጆጉን ሊያስቀምጥ ተመልሶ ገብቷል። ራሱን ቢነቀንቅ ከግድግዳው ውጭ የሚያየው የለም። ወደ በሩ ሄደ፣ በጎኑ ሆነ፣ ግማሽ አካሉን ወደ ደጅ አወጣ። መስመሩ በሙሉ፣ የበሰበሰው፣ ያሳለው፣ ጣራው የተራቆተው ሰው ሁሉ ወደ እሱ ያያል።

«ጠጥቷል!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ራሱን አስደነገጠው፤ ቢሆንም አላቆመም። «ጠጥቷል! እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሁላችሁንም!»

ከሚኒባሱ ውስጥ የሕፃን ለቅሶ ተነሣ።

«ቀሰቀስከው እኮ!» አለች ትብለጥ።